ምስር እና ሽምብራ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። እናቴ ትሙት ብዬ አልምልም፤ እናቴን በሌሎች ታሪኮች ላይ ብዙ ጊዜ ገድያታለሁና በቃት። እዚህ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ያላችሁ ሰዎች "ጆኒ ነው የተናገረው? ተወው እባክህ" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ቦይ አዞ አየሁ ብዬ የጸሎት ቡድኑን በሙሉ ዱላ አስይዤ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ሳልጨርስ የወጣሁትም እኔ ነኝ፤ አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሡኝ። ግን ስምዖን ሞቷል። በሱ አልቀልድም።

ነሐሴ ነበር፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን። እንግዳ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሳመላልስ አርፍጄ ቫኔን ቤታችን ፊት ፓርክ አደረግኩ። ውሃ ከጓሮ መጥቶ የመኪና መግቢያውን አቋርጦ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ከጋራዡ ውስጥ ጣ! ትንሽ ቆይቶ ጣ! የሚል ድምፅ ይመጣል። ድምፁ አልገረመኝም። ቅዳሜ ዩኑስ በአየር ጠመንጃው ሳሙና የሚገድልበት ቀን ነው።

ቤቱ የስምዖን ነው። እሱና እናቱ እማማ ሸዋረገድ የፊተኞቹ ክፍሎች ውስጥ ይኖራሉ፣ እኔና ዩኑስ የኋላዎቹን ተከራይተናል። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስምዖን ጎመኑ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቢጫ የመጋዘን ሸሚዙን ለብሷል፣ የውሃ ቱቦውን ይዟል።

"ስሜ! ጎመኑን ዋና ልታስተምረው ነው?" አልኩት።

ዝም።

"ኦኬ፣ ገባኝ። ዛሬ ያንተ ተራ ነው።" ሊያስደነግጠኝ ያደባ መሰለኝ። ቱቦውን ከእጁ ነጥቄ ፊቱን በውሃ ረጨሁት።

ዓይኑን አልጨፈነም። ውሃው በተከፈተ ዓይኑ ላይ ወርዶ በአገጩ ተንጠባጠበ። ከዚያ ነው ከደረት ኪሱ በላይ ያለችውን ቀዳዳ ያየኋት፤ ትንሽ፣ ዙሪያዋ የጠቆረ። ደሙ ሸሚዙ ላይ ከመዳፍ አይበልጥም።

ጋራዡ ውስጥ ጣ! አለ።

*

መርማሪዋ ሐዳሳ ትባላለች። ወላጆቿ የጎንደር ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ነው ያደገችው። አማርኛዋ ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል ታደርጋለች። ማንም አላረማትም፤ ሽጉጥ ታጥቃለች።

"ማነው እሱን ያጠበው?" አለች።

"እኔ።"

"ለምን?"

"የሚቀልድ መስሎኝ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። "ቆይ፣ አንተ አዞ ሰውዬ ነህ፣ አይደል? ስቴሽን ውስጥ ሁሉም ያውቅሃል።"

ዩኑስን ጋራዡ ውስጥ አነጋገረችው። ሳሙናዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፣ ውሃ የጠጣ የማስታወቂያ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ታጭቋል፣ ስስ ጣውላ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

"ሶ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ሙከራ ነው። ማለቴ፣ የትኛዋ ፔሌት፣ የትኛዋ ጥይት፣ ስንት ሳሙና ትበሳለች ብዬ ቪዲዮ እሠራለሁ። ቅዳሜ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። የስምዖን የሥራ ጓደኞች ሁሉ ያዩታል። ይኸው ካሜራው።"

"ካሜራው ሳሙናውን ነው የሚያየው። አንተን አያይም።"

ዩኑስ አንዲት ፔሌት መዳፏ ላይ አኖረላት። ወገቧ የቀጠነ፣ ቂጧ ክፍት የሆነ የእርሳስ ፍሬ ነች፤ ከምስር አትበልጥም።

"ሦስተኛው ሳሙና ውስጥ ትቀራለች። ሰው አትገድልም" አላት።

ሐዳሳ ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ላይ ያለችውን ቀዳዳ አየችና ጎንበስ ብላ ዓይኗን አስጠጋች። በትይዩ የስምዖን ወንበር አለ።

"ይሄስ?"

"እሱ የድሮ ነው! ስምዖን ራሱ 'በሩን ይበሳዋል?' ብሎኝ አብረን የተኮስነው ነው።"

"ምስክር አለህ?"

"ስምዖን" አለና አፉን በእጁ ያዘ።

እማማ ሸዋረገድ ከሴቶች ጸሎት ሲመለሱ ቢጫ ሪባን ቤታቸውን ዞሮት አገኙት። ነገርናቸው። አልጮሁም። ዩኑስን ብቻ አዩት።

"ልጄ እያልኩ ስጠራህ የነበርኩት አንተን ነው?" አሉት።

ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ወደሱ አላዞሩም። ዩኑስ ከእስር ይልቅ ይህን ነበር የሚፈራው። በእርግጥ እስሩም አለ። ሚስቱ ነጃት አዲስ አበባ የኤምባሲ ቀጠሮ ትጠብቃለች፤ እሱ ከተከሰሰ እሷም ቀረች ማለት ነው።

*

ሐሙስ ዕለት ጓደኛዬን ላድን ብዬ ነገር አበላሸሁ። ከአጥራችን ማዶ፣ ከመኪና መተላለፊያዋ ባሻገር፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ይኖራል። የዩኑስ ጣ ጣ ስላስመረረው አንድ ቀን ተሳድቦ ነበር። እኔም ለሐዳሳ፣ "ሽማግሌው ጠመንጃ ይዞ በአጥር ሲያሾልቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" አልኳት።

ሄደች። ተመለሰች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ሰውዬው ቅዳሜ ሙሉ ጠዋት ሆስፒታል ነበር። ኩላሊት ማሽን ላይ። ያየኸው ምን ነበር?"

"ማለቴ… መጥረጊያም ሊሆን ይችላል።"

"ጆኒ፣ ስማኝ። ያየኸውን ንገረኝ። የፈለግከውን አይደለም። የሰማኸውንም ንገረኝ። ስምዖን በመጨረሻው ሳምንት ምን አለ?"

አሰብኩ። "'የፊታችን ማክሰኞ አንድ ነገር ተናግሬ እገላገላለሁ' አለኝ። ምግብም አይበላም ነበር።"

"ስለምንድን ነው የሚናገረው?"

"አልጠየቅኩትም። ልታገባ ነው? ብዬ ቀለድኩበት።"

ሐዳሳ ጻፈችው። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ስምዖን የሚጠይቀው ሰው ፈልጎ ነበር።

*

በማግስቱ ዩኑስን፣ ጠመንጃውንና እኔን ጓሮ አስቆመችን። የስምዖንን ዓይነት ቢጫ ሸሚዝ በሳሙና ላይ ጠቅልላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። በሩን ዘግታ በአዲስ ቦታ ተኮሰች፤ ፔሌቷ ጣውላውን በስታ ጎመኑ ጋ ሳትደርስ ሣሩ ላይ ወደቀች። በአሮጌው ቀዳዳ ሞከረች፤ ጠርዙን እየመታች ተጣመመች። በሩን ከፍታ ተኮሰች፤ ሸሚዙን በሳች፣ ሳሙናው ውስጥ ጥፍር ያህል ገብታ ቀረች።

"ነገርኩሽ እኮ!" አለ ዩኑስ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"ቆይ።" ኪሷ ውስጥ የነበረችውን የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች። "ይሄ ከስምዖን የወጣው ነው። ሐኪሞቹ ዛሬ ሰጡኝ።"

እርሳሱ ተጨፍልቆ ሳንቲም መስሏል። ስፋቱ ስንት እንደነበር አይታወቅም። ኩሽና ገብታ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ የዩኑስን ፔሌቶች እየጨመረች ከጎኑ መዘነች። አንዷ የዩኑስ አልበቃችም። ሁለትም አልበቁም።

"ያንተ ምስር ነው። ይሄ ግን…" ቃሉ ጠፋት።

"ሽምብራ" አልኩ እኔ።

"ሽምብራ። ሌላ ጠመንጃ ነው፣ ትልቅ። በፓምፕ ሳይሆን በአየር ታንክ የሚሞላ።"

"እንግዲያው ነጻ ነኛ!"

"አይደለህም። አለቃዬ ሁለተኛ ጠመንጃ ደብቀሃል ይላል። እዚህ ስቴት ውስጥ የአየር ጠመንጃ ማንም ሄዶ ይገዛል፤ መታወቂያም የሚመዘግብ የለም። ሰኞ ሊከስህ ነው። ሌላ ሰው ካላገኘሁ ማለቴ ነው።"

"ማን ሊሆን ይችላል?" አልኳት።

"ስምዖን ቅዳሜ ጎመን እንደሚያጠጣ የሚያውቅ። ዩኑስ ቅዳሜ እንደሚተኩስም የሚያውቅ። ከአጥሩ ማዶ ባለችው መተላለፊያ መኪና አቁሞ፣ በአጥሩ ክፍተት አንዴ ብቻ ተኩሶ የሄደ። ድምፁን ማን ይለየዋል? ሁሉም ዩኑስ ነው ይላል።"

*

የለቅሶው ቤት ያው የኛው ቤት ነው። ወንበር የሚያመጣ፣ ውሃ በካርቶን የሚሸከም፣ መኪና የሚያስቆም፣ ሁሉን ቀጥ አድርጎ የያዘው ጋሽ አለማየሁ ነበር። ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለው መጋዘን የስምዖን ሱፐርቫይዘር ነው። ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚደርስ፣ በሬ ገዝተን ቅርጫ ስንከፋፈልም ቢላዋውን የሚይዘው እሱ ነው። ገና ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር ያረድነው፤ ጎድኑ ለሱ ደረሰው።

እሑድ ሐዳሳ ሳሎኑ ጥግ ይዛ አነጋገረችው። እኔ ትሪ ይዤ አጠገባቸው ውዬአለሁ፣ ሆን ብዬ።

"ያን ቅዳሜ የት ነበርክ?"

"ኦቨርታይም፣ እህቴ። ባጄ፣ የመግቢያ ካርዴ፣ ይነግርሻል። ጠዋት ገባሁ፣ ማታ ወጣሁ።"

"አይቻለሁ። ልክ ነው። ማክሰኞ ስምዖን ቀጠሮ ነበረው፣ ታውቃለህ? የሥራ ደኅንነት የመንግሥት ሰዎች ጋ። ካርቶን መጭመቂያው ማሽን የሥራ ጓደኛችሁን የኃይሉን ክንድ የቆረጠ ጊዜ አጠገቡ የነበረው ስምዖን ነው። መከላከያ ብረቱን ማን እንዳስፈታው ሊናገር ነበር።"

"ምስኪን ኃይሉ" አለ አለማየሁ፣ ራሱን እየነቀነቀ። "እኔ እንጃ ማን እንዳስፈታው። ሁሉም ሥራ ይፍጠን ይላል። ስምዖን ደግሞ ለእውነት የሚሞት ልጅ ነበር።" ዓይኑን ጠረገ። "ዩኑስን ስንቴ መክሬዋለሁ መሰለሽ። አየር ነው ብለህ አትናቀው፣ ጎድን ሰብሮ ልብ ይገባል ብዬው ነበር። ልጅነት ነው።"

ሐዳሳ ስትጽፍበት የነበረው እጇ ቆመ። ቀና ብላ አላየችውም። "ኦኬ። ሶ፣ አመሰግናለሁ" ብቻ አለች።

ትሪዬን ይዤ ተከተልኳት። "ምን ሆንሽ?"

"ጎድን መሰበሩን ለማንም አልነገርኩም።"

"ታዲያ ያዢው!"

"አፉን ልያዝ? ገምቼ ነው ይለኛል። ባጁ አለ። ጠመንጃ የለኝም። ነገ ደግሞ ሰኞ ነው።"

*

ከሰዓት በኋላ የአለማየሁ ሚስት ዓለምጌጥ ትልቅ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ገባች። የጎድን ወጥ። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። አለማየሁ መኪና ሊያስቆም ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ድስቱን አየና ፊቱ አመድ ሆነ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከቤት ነዋ! ከየት ላመጣው ነው?"

"ለለቅሶ አይሆንም። ጨው በዝቶበታል። መልሼ መኪና ላስገባው።"

"ሳትቀምሰው?" ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ዓለምጌጥ ደሟ ፈላ። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው? ስምዖን ወንድሜ አይደለም? ባዶ እጄን ልምጣልህ?"

ድስቱን በሁለት እጁ ያዘ። እሷም ያዘች። ሁለት ሽማግሌዎች መሀል ገብተው ድስቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ዩኑስ በሩ ስር ለብቻው ተቀምጧል። ምግብ ሲቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተወው። "አየሽ፣ አይበላም። እንዴት ይበላ!" ብላ አንዷ ስትንሾካሾክ ሰማሁ። ዩኑስ እስላም ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ በሕይወቱ በልቶ አያውቅም፤ እሷም ታውቃለች። ግን ያን ቀን ሁሉ ነገሩ ጥፋት ሆኖ ነበር።

እኔ በላሁ። ጎድኑን እንደያዝኩ ነከስኩ።

ኮሽ!

መንጋጋ ጥርሴ ግማሹ ተነሥቶ ምላሴ ላይ ወደቀ። ከሱ ጋር ሌላ ነገር ነበር፤ ከባድ፣ ድቡልቡል። ሶፍት ላይ ተፋሁት። ወገቧ የቀጠነ፣ ቂጧ ክፍት የሆነ የእርሳስ ፍሬ።

"ደግሞ ጀመረው!" አለ አንዱ። "በለቅሶ ቤት እንኳን አታፍርም?"

እማማ ሸዋረገድ ካረፉበት ፍራሽ ቀና አሉ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስም የሌለው ፍርሃት ሳሎኑን ዞረው። ሐዳሳ ተነሥታ ሶፍቱን ከእጄ ወሰደች። ፍሬዋን መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላበጠች። ክፍቱ ቂጧ ውስጥ ወጡ ያላጠበው አንድ ነገር ተጨቁኖ ነበር። በመርፌ አወጣችው።

ቢጫ ክር።

"ይሄን ማን ሠራ?" አለች።

"እኔ" አለች ዓለምጌጥ። "ምን ሆነ?"

"ሥጋው ከየት ነው?"

"የቅርጫችን ነው። ጋራዥ ያለው ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥር፣ በጥቁር ፕላስቲክ ታስሮ አገኘሁት። አለማየሁ ሥራ ነበር። ለቅሶ ደርሶ ሥጋ ቤቴ ተቀምጦ ሌላ ልግዛ?"

"ሥጋው ላይ ምን አየሽ?"

"ቀዳዳ ቀዳዳ ነበረበት። የሰቀሉበት መንጠቆ መስሎኝ…" ቃሏን አልጨረሰችም። ባሏን ዞራ አየችው። "አለማየሁ፣ ያ ቢጫ የሥራ ሸሚዝህ… ብል በላው ብለህ የጣልከው…"

አለማየሁ በሩን አየ። በሩ ስር ዩኑስ ቆሟል። አልነካውም፣ አልሰደበውም። ቆመ ብቻ።

*

የቀረውን ሐዳሳ ነገረችኝ።

ዩኑስ አንድ ቅዳሜ ቪዲዮው ላይ፣ "በሳሙና አይታወቅም፣ ሰውነት ሌላ ነው፤ በሥጋ መሞከር ነበረብን፣ ግን ሥጋ አባክኜ እናቴ ትረግመኛለች" ብሎ ስቆ ነበር። አለማየሁ ያን አይቷል። ትልቁን ጠመንጃ ገዛ። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የቅርጫውን ጎድን ሰቀለ፣ ሸሚዙን አለበሰው፣ ከስምዖን አጥር እስከ ጎመኑ ያለውን ያህል ርቆ ተኮሰ። ፔሌቷ ሸሚዝና ጎድን ትበሳ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። በሳች። አንዳንዷ ግን አጥንቱ ውስጥ ቀረች።

ሥጋውን ሊጥለው ነበር። በዚህ ሙቀት ቆሻሻ መኪናው ሳይመጣ ሳምንት ቢቀመጥ ሰፈሩ ይገማል፣ ሰው ይጠይቃል፤ እስከዚያው ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለቅሶው ላይ ወንበር ሲሸከም የቆሻሻው ቀን አለፈው።

ባጁስ? መጋዘኑ ጀርባ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች በጣውላ ስባሪ ደግፈው የሚተዉት በር አለ። ስልኩን ቢሮው ትቶ በዚያ ወጣ፣ በዚያ ገባ። ሁሉም ሠራተኛ በሩን ያውቀዋል። የጠየቃቸው ስላልነበረ አልተናገሩም። መከላከያ ብረቱን ያስፈታውም እሱ ነበር። ጠመንጃውን ከቤቱ ጣሪያ ሥር አገኙት፣ ከነአየር ታንኩ።

ሰኞ ዩኑስ አልተከሰሰም። ነጃት ብርዱ ሲገባ መጣች፤ ከኤርፖርት በቫኔ ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ መንገዱን ሁሉ አዞ አለ እያልኩ። ዓለምጌጥ ቤቷን ዘግታ ሄደች። የት እንደሄደች አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አይናገርም።

አሁን አንድ ነገር ልመን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ።

ጥርሱ የኔ አይደለም። የኔ ጥርስ ሙሉ ነው፣ መጥታችሁ እዩ። ደግሞስ እኔ እርሳስ ከአፌ ባወጣ ማን ያምነኝ ነበር?

እማማ ሸዋረገድ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ዓለምጌጥ ፍራሹ ስር ተንበርክካ፣ "በስምዖን ይዤዎታለሁ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ" አለቻቸው። ትልቅ አድርጋ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ኮሽ ሲል አጠገባቸው ነበርኩ። ፍሬዋን ከጥርሳቸው ስባሪ ጋር በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሏት። አዩዋት። ከዚያ ዩኑስን ቀና ብለው አዩት፣ ፊታቸውን ካዞሩበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ያንተ ናት?" አሉት።

"አይደለችም፣ እማማ። የኔ ምስር ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥጋው ገና አፋቸው ውስጥ ነበር። ሐዳሳ "ትፊው፣ ትፊው" እያለች ሶፍት ዘረጋችላቸው። እሳቸው ግን ሰው ለለቅሶ ያመጣው ምግብ ነውና ነውር ሆነባቸው፤ ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡት።